መስታወቱ ጉንጯን ይዞ ቀረ

ፍሬሙን ያወረድኩት ግድግዳውን ቀለም ልቀባ ብዬ ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እናቴ በ19 ዓመቷ የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ራሴን ካወቅሁ ጀምሮ ከዚያ ፍሬም ወጥቶ አያውቅም። የጀርባው ካርቶን ስለ ወየበ እግረ መንገዴን ልቀይርለት አልኩ። ትንንሾቹን ምስማሮች በቢላ ጫፍ ነቀልኩ። ካርቶኑን አነሳሁ። ፎቶውን ከጥጉ በጥፍሬ ያዝ አድርጌ ሳብ ሳደርገው መጀመሪያ እሺ አለኝ። መሀል ሲደርስ ግን እምቢ አለ።

ገልብጬ ወደ መብራቱ አዘነበልኩት። ከፊት ለፊት ሲያዩት ምንም የለውም። ከጎን ሲያዩት ግራ ጉንጯና ትከሻዋ ላይ መዳፍ የሚያህል፣ ውሃ የፈሰሰበት የሚመስል የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። እዚያ ጋ ፎቶውና መስታወቱ አንድ ሆነዋል። እንደ ሞኝ ትንሽ ጨምሬ ሳብኩት። «ጭርር» የምትል ድምፅ ሰማሁ። ልቤ ቀጥ አለች። እጅጌዋ ጫፍ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነጭ ወረቀት ብቅ ብላለች። ጥቁሩ መስታወቱ ላይ ቀርቷል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ፍሬም መስታወት ከሚገባው በላይ የሚያወራ ሰው ሆኛለሁ። እህቴ «ደግሞ ጀመረህ» ትለኛለች። ጀመረኝ እንግዲህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቆየ የታጠበ ፎቶ ላይ ምስሉ ያለው ወረቀቱ ውስጥ አይደለም። ከወረቀቱ በላይ ስስ የጄላቲን ሽፋን አለ፤ ምስሉ እዚያ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ጄላቲን ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ነገር ነው። የድሮ አናጢዎች እንጨት ያጣብቁበት የነበረው ሙጫ የሥጋ ዘመዱ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ያገኘውን ይይዛል። ውጪውን በሚነካ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፍሬም ደግሞ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ውስጡ የታፈነው እርጥበት መስታወቱ ላይ ይወርዳል። ጄላቲኑ ይጠጣዋል። ሲደርቅ መስታወቱን እንደ ያዘ ይደርቃል። በአንድ ሌሊት አይሆንም። በ30 ዓመት ግን ይሆናል።

ያ የድሮ ፎቶ ጣጣ ነው ብሎ መገላገል አይቻልም። ዛሬም በፎቶ ቤት ማሽን የሚታጠበው ባለ ቀለም ፎቶ ምስሉን የሚይዘው በጄላቲን ነው። በኢንክጄት፣ ማለትም ቀለም በሚረጭ ማተሚያ፣ የሚታተመው አብረቅራቂ ወረቀት ጄላቲን ባይኖረውም መስታወት ላይ መለጠፍ ይችላል። ስለዚህ ሰው «መስታወት ላድርግ ወይስ አክሪሊክ?» (በመስታወት ፈንታ የሚገባው ጥርት ያለ ፕላስቲክ) ሲለኝ እኔ መልሼ እጠይቃለሁ። በፎቶውና በእሱ መካከል ምን ይገባል?

ብዙ ጊዜ የሚገባው መሀሉ በመስኮት ቅርጽ የተቆረጠ ካርቶን ነው። ሰው ለውበት የሚገባ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር፤ እንዲያውም «ያለ ነጩ ካርቶን አድርግልኝ፣ ፎቶው ሰፋ ብሎ ይታይ» ብዬ ያዘዝኩባቸው ቀናት አሉ። የካርቶኑ ዋና ሥራ ግን ሌላ ነው። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ያቺ ውፍረት ናት ፎቶውን ከመስታወቱ የምታርቀው። ካርቶኑን የማይፈልግ ሰው በፍሬሙ ጠርዝ ስር፣ ከፎቶው ዳር የሚደበቅ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ያስገባል። ትልቅ ፎቶ በእርጥበት ሲንቀሳቀስ ወደ ፊት ስለሚነፋ ክፍተቱ ሰፋ ማለት አለበት። ካርቶኑ ከአሲድ ነጻ ይሁን። ካልሆነ በዓመታት ውስጥ ራሱ ይወይብና ፎቶውንም ያወይባል።

የሚገርመው ይህ አዲስ ዕውቀት አይደለም። ዳጌሮታይፕ የተባለው የመጀመሪያው ለገበያ የበቃ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ ሲሆን ያለ መስታወት መኖር የማይችል ነበር። ምስሉ በብር የተለበጠ መዳብ ላይ ነው። ጣት ከነካው ይጠረጋል። ሰዎቹ ታዲያ መስታወቱን በቀጥታ አልጫኑበትም። መሀል ላይ መስኮት ያለው ስስ ናስ አስገቡ፤ ዙሪያውን በወረቀት አሸጉ። ክፍተት ማለት ይኸው ነው። የእናቴን ፎቶ ፍሬም ውስጥ ያስገባው ሰው (ማን እንደ ሆነ አላውቅም፣ አሁን ባውቀውም ምን እለዋለሁ) ያንን ናስ የሚተካ አንድ ካርቶን ቢያስገባ ኖሮ እኔ ይህን አልጽፍም ነበር።

ክፍተቱ ካለ በኋላ ነው እንግዲህ የመስታወቱ ጉዳይ የሚመጣው። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተቴን ልናዘዝ።

የሁለት ወንድሞቼን ባለ ቀለም ፎቶ ከትልቁ መስኮት ፊት ለፊት ሰቀልኩ። ያን ጊዜ ትንሽ አንብቤ «አዋቂ» ሆኛለሁ። አልትራቫዮሌት 99 በመቶ የሚከላከል መስታወት አስገጠምኩ። ከተራው መስታወት በጣም ይወደዳል። ግድ የለም አልኩ፤ ፀሐይ እንዳሻት ትሁን። በሦስተኛው ዓመት የትንሹ ወንድሜ ቀይ ሹራብ ሐምራዊ ወደሚመስል ነገር ተለወጠ። ፍሬሙን ስከፍተው በካርቶኑ ስር ተደብቆ የኖረው ጠርዝ እንደ ድሮው ቀይ ነው። መሀሉ ሌላ ፎቶ ነው። ገንዘቤን ውሃ በላው ብዬ መስታወቱን ረገምኩት።

መስታወቱ ግን አልዋሸኝም። የተባለውን አድርጓል። አልትራቫዮሌት ዓይናችን የማያየው የብርሃን ክፍል ነው፤ ጉልበተኛ ስለ ሆነ ቀለምን በፍጥነት ይሰብራል። የምናየው ብርሃንም ግን ቀለም ይሰብራል፤ ዝግ ይላል እንጂ አይተውም። እሱን የሚያግድ መስታወት ደግሞ ሊኖር አይችልም። ካገደው ፎቶውን በምን እናየዋለን? «99 በመቶ» ማለት ከአልትራቫዮሌቱ 99 በመቶ ማለት ነው። ከብርሃኑ ሁሉ አይደለም። ያም ቢሆን እስከ የት እንደ ተለካ መጠየቅ ደግ ነው። አንዳንዱ እስከ 380 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ይለካል፣ አንዳንዱ እስከ 400። በሁለቱ መካከል ያለውም ጎጂ ነው።

ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ስሠራው ደነገጥኩ። ሙዚየሞች በቀላሉ ለሚጎዱ ሥራዎች ብርሃኑን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ላይ ይይዙታል። ደብዘዝ ያለ ክፍል በሉት። ብርሃን የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ይጠራቀማል፤ ጥንካሬውና ሰዓቱ ይባዛሉ። አሁን በመስኮት የገባች ፀሐይ ፎቶው ላይ በቀጥታ አርፋ 50,000 ሉክስ ሰጠች እንበል። አንድ ሰዓት ብቻ። ይህ በ50 ሉክስ 1,000 ሰዓት ነው። ሙዚየሙ በቀን 10 ሰዓት ቢያበራ 100 ቀን መሆኑ ነው። የወንድሞቼ ፎቶ በየቀኑ ጠዋት ሙዚየም ውስጥ የሦስት ወር ኑሮ ይኖር ነበር ማለት ነው። ምን መስታወት ይመልሰዋል? የመለሰው ወደ ኮሪደሩ መውሰድ ነው። ያ ደግሞ ነጻ ነው።

አልትራቫዮሌት የሚከላከለው አይረባም ማለቴ አይደለም። አሁንም ለምወደው ባለ ቀለም ፎቶ አስገጥማለሁ። ግን ቦታውን አስቀድሜ ነው። በደንብ ለታጠበ፣ ምስሉ በብር ለተሠራ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያን ያህል አልጨነቅም፤ ብርሃንን ይችላል። እሱን የሚገድለው እርጥበትና መጥፎ ካርቶን ነው። ደግሞ «አክሪሊክ ስለ ሆነ አልትራቫዮሌት ይከላከላል» የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። ተራ አክሪሊክ ተራ ነው። የሚከላከል ነገር ሲቀላቀልበት ወይም ሲለበጥ ነው የሚከላከለው። መጠየቅ ነው።

ወደ ነጸብራቅ ልግባ። እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የምወደው እሱን ነው።

ሌሊት ያነሳሁት ፎቶ አለኝ። አብዛኛው ጥቁር ነው፤ ጥግ ላይ አንድ የበራ መስኮት አለ። ተራ መስታወት አድርጌ ሰቀልኩት። ማታ ፊት ለፊቱ ስቆም የሚታየኝ የኔው ፊት፣ ከኋላዬ አምፖሉ፣ ከዚያ በስተጀርባ ምናልባት አንድ የበራ መስኮት። እንግዳ ሲመጣ ፊቱ ቆሞ ፀጉሩን ያስተካክልበታል። ብዙም አያስወቅስም፤ እኛ ጋ ለፍሬሙም ለመልክ ማያውም ቃሉ አንድ ነው፣ መስታወት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብርሃን መስታወት ሲነካ ከእያንዳንዱ ገጽ 4 በመቶ ያህሉ ይመለሳል። ሁለት ገጽ ስላለው 8 በመቶ። ትንሽ ይመስላል። ጥቁር ፎቶ ግን ራሱ የሚመልሰው ብርሃን ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ነጸብራቁ ያሸንፋል። አክሪሊክም በዚህ አይሻልም፤ ቁጥሩ ያው ነው። ነጭ የበዛበት ፎቶ፣ ጉም ወይም በረዶ፣ ይህን ሁሉ አይሰማውም።

መጀመሪያ የሞከርኩት ርካሹን መፍትሔ ነው። «ነጸብራቅ የሌለው» ተብሎ የሚሸጥ፣ ገጹ በጣም በስሱ የተሻከረ መስታወት አለ። ነጸብራቁን አያጠፋውም። ይበትነዋል። ፊቴ ጠፋ፣ በምትኩ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ሆነ። ይባስ ብሎ ያ የተሻከረ ገጽ ከፎቶው በራቀ ቁጥር ምስሉን ያደበዝዘዋል። አሁን ቅድም ስለ ክፍተት ያልኩትን አስታውሱ። ፎቶውን ለማዳን ያርቁታል፤ ሲያርቁት ይደበዝዛል። እኔ ይህን መስታወት አልወደውም። በቃ።

እውነተኛው መፍትሔ በስስ ሽፋን የተለበጠው ነው። ከሽፋኑ ላይኛውና ታችኛው ገጽ የሚመለሱት ብርሃኖች የአንዱ ሞገድ ሲወጣ የሌላው እየወረደ ይጠፋፋሉ። የቀረው ነጸብራቅ ከ1 በመቶ በታች ይሆናል። ይህን መንገድ ካሳዩት ሰዎች አንዷ ካትሪን ብሎጀት ናት፤ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ትሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 እያንዳንዱ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ብቻ ያለው የሳሙና ዘመድ ፊልም 44 ጊዜ እየደራረበች መስታወት ላይ አኖረች። ብርሃኑ 99 በመቶ አለፈ። መስታወቱ የለም ያሰኛል። ችግሩ፣ ሽፋኑ በጨርቅ ሲጠረግ ይነሳ ነበር። ዛሬ የሚለበጠው ጠንካራ ነው። የሌሊቱን ፎቶ በዚህ ሳስቀይረው ጥላው ውስጥ የቆመ ብስክሌት አየሁ። ራሴ ያነሳሁት ፎቶ ነው! ብስክሌት እንዳለበት አላውቅም ነበር።

ከመግዛታችሁ በፊት የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ በመስታወቱ ላይ ነጸብራቁን እዩት። ተራ ከሆነ ነጭና ደማቅ ነው። የተለበጠ ከሆነ ደብዛዛ ሆኖ ወደ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ያደላል። ጠርዙንም እዩ። አረንጓዴው ጠርዝ በተራ መስታወት ውስጥ ያለው ብረት ነው፤ ያው አረንጓዴ በነጮቹ ላይ በስሱ ይወርዳል። ብረቱ የተቀነሰለት ጠርዙ ነጣ ይላል። የተለበጠውን በጣታችሁ አትንኩት እንጂ። አሻራ እንደዚያ ጎልቶ የሚታይበት ነገር አላየሁም።

አክሪሊክን ለረጅም ጊዜ ንቄው ነበር። ፕላስቲክ አይደል? የቀየረኝ ኪሎ ነው። 1 ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር የሆነ 3 ሚሊ ሜትር መስታወት ከ5 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ያው አክሪሊክ 2.5 ኪሎ ገደማ ነው። ሚስማሩ ሁለቱን እኩል አይወዳቸውም። ከአልጋ ራስጌ፣ ልጆች ኳስ ከሚመቱበት ክፍል፣ በፖስታ ከሚላክ ፍሬም ውስጥ መስታወት አላደርግም። መስታወት ሲሰበር ራሱ ብቻ አይሰበርም፤ ስባሪው ፎቶውን ይቆርጠዋል። አክሪሊክ በጦርነት አውሮፕላን መስኮት ሆኖ የበረረ ነገር ነው። ፕሌክሲግላስ የሚለው የንግድ ስሙ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው።

ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። የመከላከያውን ፕላስቲክ ስትልጡት በኤሌክትሪክ ይሞላና በክፍሉ ያለውን አቧራ ሁሉ ይጠራል። አንዷን ብናኝ ስታነሱ ሦስት ይተካሉ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምልጠው፤ ጨርቁንም በስሱ አርሳለሁ። ሙቀት ሲነካው ደግሞ ይለጠጣል። 1 ሜትር አክሪሊክ በ20 ዲግሪ ልዩነት ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ መስታወት 0.2 እንኳ አይሞላም። ፍሬሙ ውስጥ ጥርቅም ተደርጎ ከገባ መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። ጎብጦ ፎቶውን ከነካ ደግሞ ወደ እናቴ ጉንጭ ተመለስን።

ጭረቱንስ ተዉት። እኔ ግን የመጀመሪያውን አክሪሊኬን ያበላሸሁት በጭረት አይደለም። በንጽሕና ነው። የመስኮት ማጽጃ ፈሳሽ ነፋሁበትና ወለወልኩት። አሞኒያ አለበት። በማግስቱ ጉም የመሰለ ነገር አየሁ፤ ደጋግሜ ስወለውለው ከጠርዙ በኩል ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ወደ መሀል መጡ። አልኮልም እንዲሁ ያደርገዋል። አሁን ለስላሳ ጨርቅ፣ ውሃና ጠብታ የዕቃ ሳሙና ብቻ። ፈሳሹን ጨርቁ ላይ እንጂ ፍሬሙ ላይ አልነፋም፤ ይህ ለመስታወትም ነው፤ ወደ ታች ፈስሶ በጠርዙ ይገባና ፎቶውን ያገኘዋል።

አንድ ነገር ላስገባ። ፎቶ አትማችሁ ዕለቱን ፍሬም አታድርጉ። ኢንክጄት ቀለም ሲነካ የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ግን መትነኑን አልጨረሰም። እኔ ለልደት ስጦታ ብዬ በችኮላ ዘጋሁበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመስታወቱ ውስጥ ጎን በቅባታማ ጉም ተሸፍኗል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አሁን ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ካገኘሁ ከዚያም በላይ፣ ተራ ወረቀት አልብሼ አቆየዋለሁ።

ክፍተቱን ጨርሶ የሚሰርዝ መንገድም አለ። ፎቶውን ፊት ለፊቱን ከአክሪሊኩ ጀርባ ጋር በሲሊኮን ማጣበቅ። ሲያዩት ያምራል፤ ቀለሙ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። የጀርመናዊው ፎቶ አንሺ የአንድርያስ ጉርስኪ «ራይን 2» እንዲህ የተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ4.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ በጨረታ ተሸጧል። በእኔ ቤት በድንገት የሆነው እዚያ ታስቦበት ተደርጓል ማለት ነው። ልዩነቱ በደንብ መጣበቁ ነው፤ እርጥበት የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ግን መመለሻም የለውም። አክሪሊኩ ከተጫረ ፎቶው ተጫረ። ሌላ ኮፒ ማተም ለሚቻልበት ፎቶ ይሁን፤ አንድ ብቻ ለሆነ ፎቶ አላደርገውም።

የእናቴ አንድ ብቻ ናት። ኔጋቲቩ የለም።

ስለ ተለጠፈ ፎቶ ያገኘሁት ምክር ሁሉ መጀመሪያ አንድ ነገር ይላል፤ አትሳብ። ውሃ አንዳንዱን ፎቶ ያላቅቃል፣ ሌላውን ያጠፋዋል፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው የፎቶ ጥገና ባለሙያ ነው። ሙቀትም አልሞከርኩም። መስታወቱን ከነፎቶው ስካነር ላይ አስተኛሁት። ከመስታወቱ ጋር የተያያዘው ክፍል እንዲያውም ከሌላው በላይ ጥርት ብሎ ወጣ። ጉንጯ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ ከዚያ በፊት በፎቶው ላይ አይቻት አላውቅም። እሷን ጠየቅኋት። «ከዛፍ ወድቄ ነው» አለችና ሳቀች። «ፎቶ አንሺው እንዳይታይ በጥላ እሸፍነዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

ኮፒውን አሳተምኩ። ኮሪደሩ ላይ ነው፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ የውጪ ባልሆነ ግድግዳ ላይ። ባለ መስኮት ካርቶን አለው። ፊቱ ነጸብራቅ የማይመልስ የተለበጠ መስታወት ነው፤ እናቴ ቀሚሷ ጥቁር ነው፣ ራሴን እንዳላይበት። አንዴ አንገቴን አስረዝሜ አፍንጫዬ ሊነካው ሲል እናቴ «እኔን እኮ ሰውም እንዲህ አያየኝም» አለችኝ።

ዋናው ፎቶ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከነመስታወቱ፣ ተጋድሞ፣ ከአሲድ ነጻ ወረቀት ተጠቅልሎ። አልፎ አልፎ አወጣውና ወደ መብራቱ አዘነብለዋለሁ። ያ እርጥብ የሚመስለው ቅርጽ አለ። ባለፈው ወር በትከሻዋ በኩል ትንሽ ያደገ መሰለኝ። በስልኬ አንስቼ ከድሮው ጋር ጎን ለጎን አስተያየሁት። አላደገም።